አንድ ቋጠሮ

ሳልቫጅ ተራ ነው ያገኘሁት፣ ከድንኳን ጨርቅ ጋር ተጠቅልሎ፤
ሻጩም አያውቀው ምን እንደሆነ፤ «የመኪና ልብስ ነው» አለኝ ምሎ።
ብርቱካንማ፣ ሰፊ ክንፍ፣ አራት ቀጭን ገመድ ያለው፣
ጫፉ ላይ የክንድ ያህል ዘንግ፤ ገና ሳየው እጄ አወቀው።
መሪ ነው አልኩ።
አሥራ ሁለት ዓመት ከሜክሲኮ ፒያሳ የነዳሁ ሰው
መሪ ይጠፋኛል?

ባሕር በሌለው ከተማ ለባሕር የተሰፋ ክንፍ!
ሚስቴ «መጋረጃ ይወጣዋል» አለች፤ እኔን ነሳኝ እንቅልፍ።

እሁድ ንጋት፣ ጃንሜዳ፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይመጡ፣
ሁለት ፈረሶች ብቻ ከአጥሩ ሥር ጤዛ ሲግጡ፣
እኔና ረዳቴ ቢያድግልኝ ጨርቁን ዘረጋን ሣሩ ላይ፤
ነፋሱ ከየካ በኩል ደረሰ፣ ተጣድፎ፣ እንደ ባለጉዳይ።

ቢያድግልኝ ክንፉን ይዞ ቆመ፣ ሠላሳ እርምጃ ርቆ፤
እኔ ዘንጉን በሁለት እጄ፣ ትንፋሼ ተጨንቆ።
«ልቀቀው!» ስል ለቀቀው፤ ጨርቁ ዘሎ ቀና አለ፤
ልጁ በለመደ አፉ «ሳበው! ሳበው!» እያለ።

ሳብኩት።
ታክሲ ሲሳብ ይሄዳል፤ ይሄ ግን ሲሳብ ቆመ፤
አየር ላይ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ታመመ፤
ወደቀ።
«ወራጅ አለ!» አለ ቢያድግልኝ፤ ሳቁ ሜዳውን ሞላ፤
አምስት ጊዜ ሳብኩ፣ አምስት ጊዜ ወደቀ፣ ሁሌም ወደ ኋላ።
ስድስተኛው ወደ ግራ ተጠምዝዞ ፈረሶቹን አስደነበረ፤
ባለቤታቸው ያለኝን አልጽፈውም፤ እሁድ ነበረ።

ያኔ መጣ ጋሽ ሀብተዝጊ፣ የአዳር ተራውን ጨርሶ፣
ጉልበቱ ድረስ የሚወርድ ካፖርቱን እንደ ለበሰ፣ ዳቦ ቆርሶ።
በወጣትነቱ ምጽዋ፣ የባሕር ኃይል መርከበኛ፤
ዛሬ አራት ኪሎ፣ የባንክ በር ላይ ዘበኛ።
«አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ነፋሱን ተው፤ በከንቱ አትልፋ፤
አራቱን ገመድ ለክተሃል?» መልስ ከአፌ ጠፋ።

የገመዶቹን ጫፍ ሁሉ ከጎሉ ብረት ላይ አሰረ፤
ዘንጉን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ወጠረ።
የኋለኞቹ፣ መሪዎቹ፣ ከፊተኞቹ አጥረዋል፤
የግራው ደግሞ ከቀኙ በአውራ ጣት ያህል ያንሳል።
«አየህ? ሳትስበው ተስቧል፤ መተንፈሻ አጥቷል፤
መሪ ሲጠብቅ፣ የሚመራው ወደ ኋላ ይወድቃል።»
ይህን ብሎ ዙሪያውን አየ፤ የጥበቃ ልማድ ይሆናል።

በጥርሱ ነክሶ የከረረውን ፈታ፤
አንድ ቋጠሮ አስረዘመ፣ ስንዝር በማይሞላ ቦታ፤
ለግራው ትንሽ ጨመረለት።
«አሁን ያዝ። በመዳፍ አይደለም፤ በጣት፣ እንደ እንቁላል፤
ካዘዝከው በኋላ ጠብቅ፤ መልሱ ትንሽ ይዘገያል።»

የሚኒባሴ መሪ ሲዞር ጎማው እዚያው ይሰማል፤
ይሄኛው ግን ትእዛዝ ሲደርሰው መጀመሪያ ያስባል።

ልጁ ለቀቀው። ዝም ብዬ ያዝኩት።
ወጣ፣ ወጣ፣ ከባሕር ዛፎቹ በላይ፤
ቀኙን ነካ አደረግኩ፤ ቆየና ዞረ፣ እንደ ሲላ በሰማይ።
ሁለት ክንድ ጎተተኝ፤ ጫማዬ ሣሩን አረሰ፤
ሳቅ ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ ዓይኔ ግን ራሰ።
ቢያድግልኝ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የሚጠራው ስፍራ ጠፋበት፤
ፒያሳ አይል፣ ሜክሲኮ አይል፤ ሰማዩ ታፔላ የለበት።

ጋሽ ሀብተዝጊ ክንፉን አላየም፤ ሣሩን ነው የሚያየው፤
ነፋስ ሲያጥፈው፣ ሲያነጣው፣ ደግሞ ሲመልሰው።
«ላንጋኖ ስትወርድ» አለ፣ «ጉልበትህን አጠፍ።» ሌላ አልጨመረም።
የሚቆሙበት ሰሌዳ የሁለት ጎማ ዋጋ ነው፤ ገና አልገዛሁም።

ሰኞ፣ ሜክሲኮ አደባባይ፣ መኪና በመኪና ታጭቆ፣
መሪውን በጣቶቼ ይዣለሁ፣ ትከሻዬ ተላቆ።
«ሾፌር፣ መሪውን ያዘው እንጂ!» አሉ አንዲት እናት ከኋላ።
«ይዤዋለሁ፣ እማማ።»
ቢያድግልኝ በሩን መታ፦ «ሳበው!»
የአንድ ቋጠሮ ያህል ጠበቅኩ።